የባለ ነጭ በቅሎው ዘር

«ሴቶቹስ?» አሉኝ። በዚህች አንዲት ቃል ነው ጉዴ የፈላው።

ያሉኝ የምንከባከባቸው አዛውንት ናቸው። ሎውሪ በሚባል የፈረንጅ ሰፈር ውስጥ፣ ዛፍ በበዛበት መንገድ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። የእኔ ሥራ ጠዋት ገብቼ ማጠብ፣ ቁርስ ማብላት፣ መድኃኒት ማስዋጥና ከሰዓት በኋላ ተተኪዋ ስትመጣ መውጣት ነው። የሥራ ወረቀቴ ላይ የተጻፈው ይኸው ነው። ያልተጻፈው የስኮትላንድ ነገሥታት ናቸው።

አዛውንቱ የድሮ የስኮትላንድ ነገሥታትን የዘር ሐረግ በአንድ ረጅም ጥቅል ወረቀት ላይ ሲሠሩ ዓመታት አስቆጥረዋል። ዘራቸው ከዚያ አገር ነው መሰለኝ፤ እሳቸው ግን «ከንጉሥ አልወለድም፣ ከንጉሥ በግ ሌባ ነው የምወለደው» ይላሉ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር መጻፉ ቀረባቸው። አንድ ቀን ጠዋት የምግብ ጠረጴዛውን ልጠርግ ስል ወረቀቱን ዘርግተው አለቀሱ። ሰው ሲያለቅስ ዝም ብዬ ማየት አልችልም። «እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ እጽፋለሁ» አልኳቸው። ትምህርት ያቆምኩት ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው። የቀረውን ያገኘሁት እጄ የገባውን ወረቀት ሁሉ እያነበብኩ ስለሆነ አንድ መጽሐፍ ሰው አፍ ላይ ተቀምጦ ሲመጣልኝ እምቢ የምል ሰው አይደለሁም።

እንዲህ ነበር የምንሠራው። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ለዘር ጥቁር እስክሪብቶ፣ ለግድያ ቀይ። ገዳይና ሟች በቀይ መስመር ይያያዛሉ። ቀዩ ከጥቁሩ ቀድሞ አለቀብኝ።

መጀመሪያ አካባቢ «ይህ ሃውስ ጠፍቶ ያኛው ሃውስ መጣ» ሲሉኝ ቤት የተቃጠለ ይመስለኝ ነበር። በኋላ ነው ዘርን ቤት እንደሚሉት የገባኝ። እኛስ ሰባት ቤት ስንቆጥር ምን እያልን ነው? ደስ አለኝ። የሰው አገር ታሪክ በራሴ በር የገባ መሰለኝ።

በዚያ ዘመን፣ ይላሉ አዛውንቱ፣ ዘውዱ ከአባት ወደ ልጅ አይሄድም ነበር። ንጉሡ ገና በሕይወት እያለ ከወንድሞቹ ወይም ከአጎቱ ልጆች መካከል አንዱ ይመረጥና «ቀጣዩ ይህ ነው» ይባላል።

«እና ቀጣዩ የተባለው ሰውዬ ያኛው እስኪሞት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል?» ስላቸው ፈገግ አሉ።

«ቀዩን አንሺ» አሉኝ።

ንጉሥ ሲነግሥ ደግሞ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። አንድ ሽማግሌ ይነሳና የእከሌ ልጅ፣ የእከሌ ልጅ፣ የእከሌ ልጅ እያለ የንጉሡን ዘር ወደ ኋላ ይቆጥራል። ይህን ስሰማ ልጅ ሆኜ አባቴ ፊት ቆሜ አያቶቼን የቆጠርኩበት ቀን ትዝ ብሎኝ ሳቅኩ።

ከዚያ «ሴቶቹስ?» መጣ።

የዚያን ቀን የደረስነው አንድ ሽማግሌ ንጉሥ ላይ ነበር። ወንድ ልጅ አልነበረውም፤ የነበሩት ሴቶች ናቸው። ዘውዱ ለሴት ልጁ ልጅ እንዲሆን ስለፈለገ ከሌላው የቤተ ዘመድ ቅርንጫፍ ተፎካካሪ የሚሆነውን አስገደለ። እኔም ንጉሡን ጻፍኩ፣ የልጅ ልጁን ጻፍኩ፣ ሁለቱን በአንድ ጥቁር መስመር አገናኘሁ።

አዛውንቱ በሚንቀጠቀጥ ጣታቸው መስመሩን ነኩት። «ሴቶቹስ? ዘሩ በማን ተሻገረ? ሁሉም ሰው ሴቶቹን ይዘላል። ሴቶቹን ከዘለልሽ ግን ማን ለማን ምን እንደሆነ በፍጹም አታውቂም።»

እስክሪብቶው ከእጄ ወደቀ።

ከዚያ ቀን ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ሽማግሌዎች ቤቴ መጥተው ነበር። አንዲት ልጅ ነው ያለችኝ፤ እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገች። እጮኛዋም እዚህ ያደገ ነው፣ ሆስፒታል ውስጥ የሚሠራ፣ «እማዬ» ብሎ ሲጠራኝ አንጀቴን የሚበላ ልጅ። ባለቤቴ ካረፈ ቆይቷል። ስለዚህ በአባቷም በእናቷም በኩል መልስ የምሰጠው እኔ ነኝ። የነፍስ አባታችን በመሃል ተቀምጠው «ሰባት ቤት ተቆጥሯል ወይ?» ብለው ጠየቁ።

«ተቆጥሯል አባቴ» አልኩ።

ቆጥሬ ነበር። የባለቤቴን አባት፣ የአባቱን አባት፣ እስከ ሰባት። የእኔን አባት፣ የአባቴን አባት፣ እስከ ሰባት። ሁሉም ወንዶች። እናቴ በልጅነቴ ነው የሞተችብኝ፣ ያደግኩት በአባቴ ዘመዶች እጅ ነው፤ የእናቴን ወገን የሚያስቆጥረኝ አልነበረም። ቆጠራው በእናትም በአባትም እንደሆነ ጠፍቶኝ አይደለም። ሰነፍኩ። ደስታው አቻኮለኝና «ተቆጥሯል» አልኩ፤ በካህን ፊት።

እልልታው ሲያልቅ የልጁ አያት አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ሰማንያ ያለፋቸው፣ ጨዋታ የሚወዱ ሴት ናቸው። ሳህናቸውን ወደ ጎን አድርገው ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ።

«ልጅሽ የትም አልወደቀችም። እኛ እኮ የባለ ነጭ በቅሎው ዘር ነን። አያቴ በነጭ በቅሎው ሲያልፍ አገሩ በሙሉ ብድግ ነበር የሚለው!»

ፈገግ አልኩ። ጥብስ ጨመርኩላቸው። እሱ ነው ያደረግኩት፣ ጥብስ ጨመርኩላቸው!

አዛውንቱ «ሴቶቹስ?» ሲሉኝ ግን ከየት እንደመጣ እንጃ፣ የእናቴ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። የምትስቅ ይመስለኛል፤ ፀጉሬን እየሠራችኝ ነው። «ዝም ብለሽ ተቀመጪ! አያትሽ እኮ የባለ ነጭ በቅሎው ልጅ ናት። አንቺ ምን የቆረጠሽ ነሽ የምትንቆራጠጪው?»

ቤቴ ገብቼ በአዛውንቱ አሠራር ወረቀት ላይ አወጣሁት። ልጄ አንድ። እኔ ሁለት። እናቴ ሦስት። አያቴ አራት። ባለ ነጭ በቅሎው አምስት። በዚያኛው በኩል ልጁ አንድ። አባቱ ሁለት። ሴት አያቱ ሦስት። የእሳቸው አባት አራት። ባለ ነጭ በቅሎው አምስት። አምስት በአምስት። ወረቀቱን አጣጥፌ የዱቄት ዕቃ ውስጥ ደበቅኩት። ማን ሊያነብብኝ እንደሆነ እንጃ።

ሠርጉ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ብናገር የልጄን ደስታ በገዛ እጄ መስበሬ ነው። ዝም ብል ደግሞ ነገ ከልጅ ልጆቼ አንዱ ትኩሳት በያዘው ቁጥር «የእኔ ውሸት ነው» እያልኩ መኖሬ ነው።  የአዛውንቱን መድኃኒት በእጄ ይዤ፣ ሰጥቻቸው ይሁን ሳልሰጣቸው ጠፍቶኝ ቆምኩ። ክኒኑ በየቀኑ ተከፋፍሎ የሚቀመጥበት ሳጥን ባይኖር ኖሮ ምን አደርግ ነበር?

እሳቸው ምኑንም አያውቁም፤ ሥራው ቀጥሏል። በማግሥቱ የደረስነው በማዕበል ሌሊት የሞተ ንጉሥ ላይ ነው። ንጉሡ ልጆቹ ሁሉ ሞተውበታል። አዲስ ሚስት አግብቶ እሷን ለማየት ተቻኩሎ በወጀብ ሲጋልብ ገደል ሥር አንገቱ ተሰብሮ ተገኘ። የቀረችው በሴት ልጁ በኩል ያለች አንዲት ሕፃን የልጅ ልጅ ብቻ ናት፤ ያለችውም ባሕር ማዶ፣ አባቷ አገር። ንግሥት ናት ተብላ በመርከብ ስትመጣ አገሯን ሳትረግጥ ሞተች።

«ስንት ዓመቷ ነበር?» አልኳቸው።

«ሰባት ገደማ።»

ሰባት ሲሉ እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ። እሳቸው ለሕፃኗ ያዘንኩ መስሏቸው እጄን ያዙኝ። ለእሷም አዝኛለሁ፣ ግን ለእሷ ብቻ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ባሰ። ዘውዱ ይገባኛል የሚሉ ከአሥር በላይ ሰዎች ተነሱ። ዋናዎቹ ሁለቱ በአንድ የድሮ ንጉሥ ወንድም ሴት ልጆች በኩል የሚወለዱ ናቸው። አንዱ «እኔ በታላቋ እህት በኩል ነኝ» ይላል። ሌላው «በታናሿ ብሆንም በአንድ ትውልድ እቀርባለሁ» ይላል። ጎረቤቱ የእንግሊዝ ንጉሥ ልዳኛችሁ ብሎ መጣና ቆይቶ አገሩንም ድንጋዩንም ወሰደ። እኔ እጽፋለሁ፣ ላቤ ይወርዳል። ለካ የሰው ልጅ የአያቶቹን ቁጥር ተሳስቶ አገር ያቃጥላል!

በሦስተኛው ቀን ጠዋት መኪናዬን አዛውንቱ ደጅ ፓርክ አድርጌ፣ ሳልወርድ፣ የእናቴ ታናሽ እህት ጋ ደወልኩ። አገር ቤት ነው ያለችው፤ እዚያ ሊመሽ አካባቢ ነው።

«አንቺ! ምነው በደህና?» አለች አክስቴ።

«በደህና ነው። አክስቴ፣ የእናትሽ አባት ባለ ነጭ በቅሎ ይባሉ ነበር?»

«ኧረ ነበር! ምን አስታወሰሽ? እናቴማ ለአባቷ ካለቀሰችው ለበቅሎዋ ያለቀሰችው ይበልጣል። ግራ ጆሮዋን ጅብ የቆረጣት ነበረች፤ በዚያች በተረፈች ግማሽ ጆሮ ይዛ ነበር የምትወጣው፣ ልጅ ሆና። ሲሞት ሸጡባታ።»

ስለ በቅሎ የምሰማበት ልብ አልነበረኝም። «ወንድ ልጅስ ነበራቸው?» አልኩ።

«አንድ ነበረው። ገና በጎረምሳነቱ ተጣልቶ ወጥቶ ጠፋ። ቆላ ገብቷል ያሉ ነበሩ፣ ወዲያ ማዶ ወርዶ ሚስት አግብቶ ወልዷል ያሉም ነበሩ። ማን ያውቃል? ምነው ድምፅሽ እንዲህ…»

መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ አልደወልኩም። የልጁ አያት አገራቸው የት እንደሆነ አውቃለሁ። ወዲያ ማዶ ነው።

ያን ቀን ከሥራ ስወጣ ልጄን ልወስዳት ሴንትራል ፓርክ ባቡር ጣቢያ ሄድኩ። መኪናዋ ጋራዥ ስለገባች ሳምንቱን በእኔ ነበር የምትመላለሰው። ገብታ ቀበቶዋን አሰረች፤ እኔ ግን አልነዳሁም።

«ማሚ? ግሪን ነው እኮ፣ ሂጂ። … አር ዩ ኦኬ?»

ጥግ ይዤ ቆምኩና ነገርኳት። ሁሉንም፤ በቅሎዋን፣ ቆላ የገባውን ልጅ፣ አምስት በአምስቱን።

«ዌይት። ዌይት። ከዚን ነን እያልሽኝ ነው?»

«ሩቅ ነው። ግን ሰባት አልሞላም።»

«ማሚ፣ እንደዚህ ሩቅ ከሆነ እዚህ አገር ማንም ኬር አያደርግም።»

«አውቃለሁ። እኛ ግን እናደርጋለን። አንቺም ታደርጊያለሽ፤ በተክሊል ነው የምጋባው ያልሽው አንቺ ነሽ።»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ በጥሩ አማርኛ፣ «ተቆጥሯል አልሽ እኮ። ሰምቼሻለሁ። ለአባ ነው ያልሻቸው» አለችኝ።

ከፈራሁት ሁሉ ይህ ነው የከፋው። መሪውን ይዤ አለቀስኩ። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ቦርሳዋ ውስጥ ሶፍት ፈልጋ አንዱን ለእኔ ሰጥታ አንዱን ለራሷ ያዘች።

«ለእሱ ከመንገሬ በፊት እማማን እንጠይቃቸው። አሁን። ድራይቭ፣ ማሚ። ፕሊስ።»

እማማ የምትለው የልጁን አያት ነው። ከሃቫና ስትሪት ገባ ብሎ ካለ አፓርታማ፣ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ያን ሰዓት ብቻቸውን ነበሩ። የሚደገፉበትን ብረት እየገፉ በሩን ከፈቱልን።

«ኧረ ሙሽራዬ! ኧረ እናቷ! ምነው አንቺ ልጅ፣ ፊትሽ አመድ የመሰለው?»

ሻይ ላፍላ ሲሉ አስቀመጥኳቸው። እንዴት እንደምጀምር አጥንቼ ነበር፤ ሁሉም ጠፋብኝ። «እማማ፣ የእናቴ እናት የባለ ነጭ በቅሎው ልጅ ናት» አልኩ። «አንድ ነን መሰለኝ። ሳልቆጥር ነው ተቆጥሯል ያልኩት።»

 እሳቸው ሪሞቱን ፈልገው ቴሌቪዥኑን አጠፉ። ልጄን «በሩን ዝጊው» አሏት። ዝግ ነበር፤ ሄዳ ነካችውና ተመለሰች። የአሮጊቷ ፊት ላይ የማውቀውን ነገር አየሁ። ሦስት ቀን ሙሉ መስታወት ውስጥ ሳየው የከረምኩት ፍርሃት ነው።

«የየትኛው አገር ባለ በቅሎ?» አሉ።

አገሩን ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አንድ አይደለንም» አሉ በመጨረሻ። «የአንቺ ቅድመ አያት እውነተኛው ነው። የእኛስ በቅሎዋ ብቻ ናት።»

«እንዴት?»

«አያቴ ጨው ነጋዴ ነበር። አህያ ሲነዳ የኖረ። እዚያ አገር ትልቁ ሰውዬ ሞቶ ሚስቱ በቅሎዋን ስትሸጥ ገዛት። ገዛና ወደ እኛ አገር ተሻገረ። ማንም አያውቀውም። ሰው ያየው በቅሎዋን ነው። ባለ ነጭ በቅሎ አሉት፣ ብድግ አሉለት። እሱም አልመለሰላቸውም። አባቴ ሊሞት ሲል ነው የነገረኝ። ለባለቤቴ እንኳን ተናግሬ አላውቅም። ልጆቼ በዚህ ስም ነው ያደጉት፤ እኔስ ይኸው እስካሁን ስፎክርበት።» ድምፃቸው ሰለለ። «እዩኝ እስቲ፣ በስተርጅና።»

ማመን ፈለግኩ። ፈራሁም። እኚህ ሴት የልጅ ልጃቸውን ሠርግ ለማዳን አያታቸውን ሊሸጡ ይችላሉ፤ እኔ ብሆን እሸጥ ነበር። ስለዚህ በሕይወቴ ለትልቅ ሰው ተናግሬ በማላውቀው ድፍረት፣ «በቅሎዋን ያውቋታል?» አልኳቸው።

«አርጅታ ደርሼባታለሁ። ለምን?»

«ምልክት ነበራት?»

እጃቸውን አንስተው የራሳቸውን ግራ ጆሮ ያዙ። «ይቺ ግማሿ የለችም። ጅብ ነው የቆረጣት ይሉ ነበር። በእሷ በኩል ስንቀርባት እንዳትነክሰን እንፈራ ነበር። ልጅ ያሳደጋት አይደለችም፣ እንል ነበር።»

አክስቴ የነገረችኝ ጆሮ። ስለ ጆሮ አንድም ቃል አልተነፈስኩም ነበር። ምንጣፉ ላይ፣ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። አያቴ እኮ ናት ያሳደገቻት፤ በዚያች ጆሮ ይዛ ነው የምትወጣው። ግን ይህን ያኔ አልተናገርኩም፣ አልቻልኩም።

ልጄ ከኔ ወደ እሳቸው፣ ከእሳቸው ወደ እኔ አየች።

«ሶ… ዩዝድ በቅሎ ገዝተው፣ ታርጋውን ሳይቀይሩ ነዱ ማለት ነው?»

እማማ አልገባቸውም። ሲገባቸው ግን፣ ጥርሳቸውን በእጃቸው ደግፈው እስኪይዙ ድረስ ሳቁ። ስቀው ሲጨርሱ ሁለት እጄን ጥፍር አድርገው ያዙኝ። «ለሰው አትንገሪብኝ» አሉኝ። ስላቸው ደስ የሚለኝን ነገር ሁሉ ልላቸው ፈለግኩ፤ «አልናገርም» ብቻ አልኩ።

ስኮትላንዶች ድንጋዩ ላይ የተቀመጠውን ንጉሥ ይሉት ነበር፤ በቅሎዋ ላይ የተቀመጠውን ጌታ ያሉትን ሰዎች እኔ በምን አፌ ልማ?

ፍርሃቱ ግን እንደ ልብስ ወልቆ የሚጣል አይደለም። አንድ ጊዜ ሳልቆጥር ተቆጥሯል ብያለሁ፤ ሁለተኛ አልልም። በየጠዋቱ ወደ ሥራ ከመግባቴ በፊት መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ለአክስቴ እየደወልኩ የእናቴን ወገን አንድ በአንድ ቆጠርኩ፤ የባለቤቴን እናት ወገን ደግሞ ከዘመዶቹ ጠየቅኩ። ልጄም ያልተቆጠረ ወገን እንዳለ ወዲያው ለእጮኛዋ ነገረችው፤ የበቅሎዋን ሽያጭ ግን አልነገረችውም፣ እሱ የእማማ ነው። አዛውንቱ ወረቀቴን አይተው ከእሳቸው ጥቅል ጫፍ ላይ ቆርጠው ሰጡኝ። «ደህና ወረቀት ላይ ይሁን» አሉ። ለሴቶቹ ክብ፣ ለወንዶቹ አራት ማዕዘን ሠራሁ። የልጁ ወገን ካስቆጠረው ጋር ዘሮቹ የትም አልተገናኙም። ግን አንዲት ክብ ባዶ ቀረች። በእናቴ በኩል ስድስተኛዋ ላይ ያለችውን ሴት አክስቴም አታውቃትም፤ የሚያውቋት ሁሉ አልፈዋል።

«የእኔም ወረቀት እንዲህ ያሉ ክቦች ሞልተውበታል» አሉ አዛውንቱ። «የንጉሥ ሚስት፣ የንጉሥ እናት፤ ስሟ አልተጻፈም።»

«እርስዎ ምን ያደርጋሉ?»

«ባዶዋን እተዋታለሁ። ግን ክቧን አልሰርዝም።»

ወረቀቱን ይዤ ወደ ነፍስ አባታችን ሄድኩ። ውሸቴን ነገርኳቸው፣ ባዶዋን ክብ አሳየኋቸው። ረጅም ጊዜ አዩት።  «ያወቅሽውን ነገርሽኝ፣ ያላወቅሽውንም አሳየሽኝ» አሉ። «ያን ቀን እንዲህ ማለት ነበረብሽ።» ለውሸቱ ስግደት ሰጡኝ። ሠርጉን አልከለከሉም።

የተክሊሉ ቀን ካህናቱ ዘውዶቹን ሲያመጡ ልጄ አንገቷን ዝቅ አደረገች። ዘውድ ሲደፋ አንድ ሰው ተነስቶ ዘሩን መቁጠር አለበት፤ የተማርኩት እንዲህ ነው። ማንም ስላልተነሳ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ እኔ ጀመርኩ። የእኔ ልጅ። የእናቴ ልጅ። የአያቴ፣ የበቅሎዋ ባለቤት፣ ልጅ። ስድስተኛዋ ጋ ስደርስ እንደ ሁልጊዜው ቆምኩ። በዚያች ክብ ውስጥ ማን ይኖር ይሆን?

እማማ በክርናቸው ጎሰሙኝ። «ምን ታነበንቢያለሽ?»

«ሴቶቹን» አልኳቸው።

 ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «እሷንስ ጨመርሻት?» አሉኝ።

«ማንን?»

«በቅሎዋን።»